ሁለተኛ አልበም ላይ ሲፈርዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ዓመት አንድ የጎንደር ሮክ ባንድ ሁለተኛ አልበሙን አወጣ። ልጆቹን አውቃቸዋለሁ፤ ድራመሩ እንዲያውም የሰፈሬ፣ የማራኪ ልጅ ነው። ስማቸውን የማልጠራው ከዚህ በታች የምናዘዘው ጥፋት የእኔ እንጂ የእነሱ ስላልሆነ ነው።

አልበሙ በወጣ በሦስተኛው ቀን ሂስ ጻፍኩበት። ሁለት ገጽ ይሆናል። አንድ ሙሉ አንቀጽ የፈጀሁት የመክፈቻውን ዘፈን ለማድነቅ ነበር፤ «ሮክ ባንድ አልበሙን በሹክሹክታ መክፈቱ ድፍረት ነው፣ አድማጩን አስጠግቶ ነው የሚመታው» ምናምን ብያለሁ። በማግስቱ ድራመሩ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ጽሑፉን አነበብነው፣ እግዜር ይስጥልን። ግን... መክፈቻ ያልከው ዘፈን እኮ ሰባተኛው ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘፈኖቹን በፍላሽ ነበር የሰጡኝ፤ ፋይሎቹ ላይ ተራ ቁጥር አልነበረም። ኮምፒዩተሬ በፊደል ተራ ደረደራቸው። በ«ሀ» የሚጀምረው አንደኛ ሆነ፣ በ«ፍ» የሚጀምረው መዝጊያ። እኔ ስተነትነው የሰነበትኩት አልበም ሀሁ የሠራው እንጂ እነሱ የሠሩት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ አልበም ላይ ሲፈረድ የሚሠሩ ስህተቶችን መልቀም ጀመርኩ። ግማሾቹ የራሴ ናቸው። የቀሩት ባሕር ማዶ ባሉ ስመ ጥር መጽሔቶች የተሠሩ ናቸው፤ ይህ ትንሽ ያጽናናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቅደም ተከተሉን አለማጣራት

የመጀመሪያው ስህተት ከላይ የተናዘዝኩት ነው። ካሴት ዘመን ላይ ይህ ጥፋት አይደርስም ነበር። ካሴቱ በአንድ በኩል አልቆ ሲገለበጥ ባንዱ የት ላይ እንዳሳረፈህ በእጅህ ታውቀዋለህ። ዛሬ በፍላሽ፣ በቴሌግራም፣ አንድ አንድ እያሉ በሚለቀቁ ቪዲዮዎች ስንሰማ ቅደም ተከተል የሚባለው ነገር ተበትኗል። ልጆቹ ያቺን ቀስ ያለች ዘፈን ሰባተኛ ያደረጓት ከስድስት ጯሂ ዘፈኖች በኋላ ጆሮ እንዲያርፍ ነው። አንደኛ ሆና ስትሰማ ድፍረት የመሰለችኝ፣ በቦታዋ ስትሰማ ዕረፍት ናት። ሂስ ከመጻፍ በፊት «ተራው ይሄ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል።

«ሁለተኛ መቼም ቶና ነው» ብሎ መጀመር

ቡና ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለ። ስለ አልበም ያለን እምነትም ከዚያው ረከቦት የተቀዳ ይመስለኛል፤ አንደኛው አቦል፣ ሁለተኛው በዚያው ቡና ላይ ውኃ ተጨምሮ የፈላ ቶና። ፈረንጆቹም ይህንኑ ያምናሉ፤ የሁለተኛ አልበምን ድካም ሁለተኛ ዓመት ላይ በሚሰንፍ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስም ይጠሩታል።

ፈጽሞ ውሸት ነው አልልም። ባንድ ወደ መጀመሪያ አልበሙ የሚገባው ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ ነው፤ በአሥራ ስምንት ዓመቱ የጻፈውን፣ በሃያ ሦስት ዓመቱ ያስተካከለውን፣ መድረክ ላይ ደጋግሞ ተፈትኖ የተረፈውን። ለሁለተኛው የሚሰጠው ግን አንድ ሁለት ዓመት ነው፤ እሱንም ጉዞና ቃለ ምልልስ እየተሻሙት።

የምንዘነጋው ሌላው ምክንያት ነው። በየዓመቱ ስንት ባንድ የመጀመሪያ አልበም ያወጣል፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ግን ችሎታም፣ ዕድልም፣ ወቅትም በአንድ ቀን የተገጣጠሙለት ብቻ ነው። ዕድልና ወቅት ደግሞ በቀጠሮ አይመጡም። ስለዚህ ባንዱ በሁለተኛው ወደ ራሱ ቁመት ሲመለስ እኛ «ወደቀ» እንላለን። ዝናቡም ፀሐዩም ሰምሮለት አንድ ዓመት ከወትሮው እጥፍ የሰጠ የጤፍ ማሳ በሚቀጥለው ዓመት እንደ ወትሮው ቢሰጥ፣ ገበሬው ሰነፈ የሚል ጎረቤት የለም። ሙዚቀኛው ላይ ሲሆን ግን ሁላችንም እንላለን።

ቶና የሚለውን ተረት ለማፍረስ ደግሞ ሦስት ባንድ ይበቃል። የኒርቫና የመጀመሪያ አልበም «ብሊች» በ1989 ሲወጣ ለቀረጻ የፈጀው ስድስት መቶ ዶላር ገደማ ነው። ዓለም ያወቃቸው በሁለተኛው በ«ኔቨርማይንድ» ነው፤ መስከረም 1991 ወጥቶ ጥር 1992 ላይ የማይክል ጃክሰንን «ዴንጀረስ» ከአሜሪካ ሰንጠረዥ አናት አወረደው። ሬዲዮሄድ በ1993 «ፓብሎ ሃኒ»ን ሲያወጡ ባለ አንድ ዘፈን ባንድ ተብለው ሊረሱ ነበር፤ ያቆማቸው ሁለተኛው የ1995ቱ «ዘ ቤንድስ» ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ አርክቲክ መንኪስ ናቸው፤ እነሱን የማነሳቸው ቁጥር እንዴት እንደሚያሳስት ስለሚያሳዩ ነው። ዶሚኖ በተባለ ራሱን በቻለ አሳታሚ ሥር ጥር 2006 ያወጡት የመጀመሪያ አልበም እንግሊዝ ውስጥ በአንድ ሳምንት ከ360 ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጠ። አሥራ አምስት ወር ቆይቶ የመጣው ሁለተኛው የመጀመሪያ ሳምንቱን በ220 ሺህ ቤት ጀመረ። ወረቀት ላይ ብቻ ያየ ሰው አንድ ሦስተኛው ጎደለ ይላል። ነገር ግን እሱም አንደኛ ሆኖ ነው የገባው፤ በ2008 የብሪት ሽልማት ላይም የዓመቱ ምርጥ የብሪታንያ አልበም ተብሏል።

በባጃጅ ስፒከር መፍረድ

አንድ ቀን ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በባጃጅ ስመጣ ሹፌሩ የልጆቹን አልበም ከፍቶት ነበር። ደስ አለኝና «እንዴት ነው?» አልኩት።

«ወንድሜ፣ አንደኛው ይሻል ነበር። ይሄኛው ዝም ብሎ ጩኸት ነው» አለኝ፤ ግን አልዘጋውም።

አራተኛው ዘፈን ላይ ነበርን። ጆሮዬን ሰጠሁት። ልጁ አልተሳሳተም፤ በእርግጥ ጩኸት ብቻ ነበር የሚሰማው። ቤቴ ሄጄ በደህና ማዳመጫ ስሰማው ግን ያ ዘፈን ዜማውን የሚሸከመው በቤዝ ጊታሩ ነው፤ ጊታሮቹ ሆን ብለው ጩኸት ሆነው ከላይ ይንሳፈፋሉ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው። ያን የሚያህል ዝግ ያለ ሞገድ ለማሰማት ስፒከሩ ብዙ አየር መግፋት አለበት፤ የባጃጇ ትንሽ ስፒከር አቅሙ የላትም፤ የተረፈውን ደግሞ የሞተሩ ድምፅ ይውጠዋል። ሹፌሩ የሰማው ዜማው የጎደለውን ዘፈን ነው። ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በራሱ ስፒከር የሚሰማም እንደዚያው።

እዚህ ላይ ከብዙ ተቺ ጋር አልስማማም። «በባጃጅ አትስሙ» አልልም። አገሩ ሙዚቃ የሚሰማው እዚያ ነው፤ ባንዱ ይህን አለማሰቡ ራሱ ሊነሳ የሚገባ ነጥብ ነው። የምለው በባጃጅ ብቻ አትፍረዱ ነው። ልጆቹም ቢሆኑ ቅንብሩን አንድ ቀን አዘዞ ደርሰው ሲመለሱ ቢሰሙት ኖሮ አራተኛውን ዘፈን እንዲያ አይተዉትም ነበር።

ሁለተኛውን በአንደኛው መስፈር

ፋሲል ግቢ የሚገባ እንግዳ ሁሉ ፎቶ የሚነሳው ዐፄ ፋሲል ግንብ ፊት ነው። ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ አባታቸው የሠሩት ላይ ሌላ ፎቅ አልቀጠሉበትም፤ አጠገቡ ቤተ መጻሕፍታቸውን ሠሩ። የልጅ ልጃቸው አድያም ሰገድ ኢያሱም የራሳቸውን ግንብ ለብቻው አቆሙ። ሦስት ትውልድ፣ አንድ ግቢ፣ ሦስት ዓይነት ሕንፃ። የኢያሱ ግንብ ፊት ቆሞ «ይሄ ለምን የፋሲልን አይመስልም?» የሚል አስጎብኚ እስካሁን አልገጠመኝም።

አልበም ላይ ግን ሥራችን እሱ ነው። የልጆቹ የመጀመሪያ አልበም ማሲንቆ ነበረበት፤ ሁለተኛው የለበትም። ጎንደር ማሲንቆ ሲጎድልበት ዝም የሚል ከተማ አይደለም። «ፈረንጅ ሆኑ» ተባለ፤ እኔም በበኩሌ ሁለት ገጽ ውስጥ «ማንነት» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ተጠቅሜያለሁ። አሁን ሳነበው ፊቴ ይቀላል።

የሆነውን ያየሁት ልምምድ ላይ ስገኝ ነው። ጊታሪስቱ በግራ እጁ ትንሿ ጣት ላይ አጭር የብረት ቱቦ አጥልቋል። ክሩን እንጨቱ ላይ አይጫነውም፤ ቱቦውን ክሩ ላይ አስነክቶ ይንሸራተታል። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ነው ያለው፣ የጣት ማረፊያ የተለካለት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚሄደው እየዘለለ ሳይሆን እየተጎተተ ነው። ልጁ ይህን ጉተታ ነው ወደ ጊታር ያሻገረው፤ ያውም በባቲ ቅኝት። ማሲንቆው አልጠፋም፤ ጊታሩ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያው አልበም ላይ የነበረው ማሲንቆ እንዲያውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀሚስ ጫፍ ላይ የተሰፋ ጥለት ነበር፤ ቢተረተር ቀሚሱ ቀሚስነቱን አያጣም።

ሮክ ላይ ክራር ወይም ማሲንቆ ሲደረብ «የእኛ» የምንል፣ ሲወጣ «የእነሱ» የምንል ከሆነ እየሰማን ሳይሆን እየቆጠርን ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የድምፅ አሰላለፍ እንጂ የመሣሪያ ዓይነት አይደሉም።

ለምን እንደዘገየ ሳይጠይቁ መውቀስ

ይህን ቶሎ ልለፈው። ስቶን ሮዝስ የተባሉት የማንችስተር ልጆች የመጀመሪያ አልበማቸውን በ1989፣ ሁለተኛውን በ1994 መጨረሻ አወጡ። «አምስት ዓመት ጠብቀን ይሄ ነው?» ብሎ የተቀበላቸው ብዙ ነው። ከዚያ ጊዜ ውስጥ ቀላል የማይባለው ከአሳታሚያቸው ጋር በውል ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ያለፈ ነው። አልበሙ ያኔ ያስገኘው የተደበላለቀ አስተያየት አላግባብ ነበር አልልም፤ የመክፈቻው ዘፈን ብቻ ከአሥራ አንድ ደቂቃ በላይ ነው፣ እኔም አንዳንዴ እዘለዋለሁ። ግን ዘፈኑን መውቀስና የቀን መቁጠሪያውን መውቀስ ይለያያል። የእኛው ጃኖ ባንድም ከአሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ከቢል ላስዌል ጋር ከሠራው «ኤርታሌ» እስከ 2018ቱ «ለራስህ ነው» ከአምስት ዓመት በላይ ነው የቆየው፤ በመካከሉ «ተበተኑ» ያላለ ማን ነበር?

የሰፈሬ ልጆች አራት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። በእነዚያ አራት ዓመታት ጎንደር ውስጥ አመሻሽቶ ልምምድ መውጣት ምን ማለት እንደነበር ለጎንደሬ አላስረዳም።

በነጥብ ማንበብ

የውጭ ባንድ የምንከታተል ሰዎች ክፉ ልማድ አለን፤ ጽሑፉን ትተን ነጥቡን እናያለን። ፒችፎርክ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ድረ ገጽ ከ0.0 እስከ 10.0 በአሥርዮሽ ሳይቀር ይሰጣል። በ2006 የአውስትራሊያዎቹ የጄት ሁለተኛ አልበም «ሻይን ኦን» 0.0 ተሰጠው፤ ከነጥቡ ጋር አንዲት የትችት መስመር አልነበረችም፤ የተለጠፈው ጨዋነት ስለማይፈቅድልኝ የማልገልጸው የቺምፓንዚ ቪዲዮ ነበር። ሰው ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ። አልበሙ ምኑ ላይ እንደተበላሸ ግን ከዚያ ቪዲዮ ማንም አልተማረም።

ሜታክሪቲክ ደግሞ የብዙ ተቺዎችን ነጥብ ወደ መቶ ቀይሮ፣ ለአንዳንዱ ጽሑፍ ከሌላው የበለጠ ክብደት ሰጥቶ አማካይ ያወጣል። አማካይ ጠቃሚ ነው፤ ሁለተኛ አልበም ላይ ግን ይሸውዳል። አሥር ሰው ሁሉም 70 ቢሰጡ አማካዩ 70 ነው። አምስቱ 100፣ አምስቱ 40 ቢሰጡም 70 ነው። የመጀመሪያው «ደህና ነው፣ ይሰማል» የሚባል አልበም ነው። ሁለተኛው ሰው የተጣላበት ነው፤ እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው። ሁለተኛ አልበም ላይ መንገድ የቀየረ ባንድ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው እዚህ የተጣሉበት ሰፈር ነው።

ይሉኝታ

በትልቅ ከተማ ተቺ የሰደበውን ሙዚቀኛ ላያገኘው ይችላል። እዚህ ጠዋት የጻፍክበትን ሰው ከሰዓት ጃንተከል ዋርካ ሥር ታገኘዋለህ፤ እናቱ እናትህን ታውቃታለች። ስለዚህ ሂሳችን ምርቃት ይሆናል፦ «ይበል የሚያሰኝ፣ ለሌሎች አርአያ የሆነ...»። ያንን ዓይነት ጽሑፍ ስንቱን እንደጻፍኩ አልቆጥርም።

የሚገርመው ግን አገራችን በትችት ድሃ አይደለም። አዝማሪ ቤት ግቡ። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ይወረውራል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ይቀበለዋል። ከጣመ ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል፤ ካልጣመ ሰው ፊቱን አዙሮ ወሬውን ይቀጥላል። ከዚያ የበለጠ ፈጣን ሂስ ምን አለ? ቅኔ ቤት ደግሞ ሌላው ነው። ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያሰናዳ ውሎ ማታ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ያርሙታል፣ ቤቱ የጎደለውን ቤቱ ጎደለ፣ ምሥጢሩ የላላውን ላላ ይሉታል። ትናንት ጥሩ መቀኘቱ ለዛሬ አይቆጠርለትም፤ የትናንቱን ይዞ ቢመጣም አይቀበሉትም፣ አዲስ መሆን አለበት። ማንም ግን «የኔታ ጠሉኝ» ብሎ አይሄድም።

እኔ አሁን የምጠቀምባት ዘዴ ይህች ናት፤ ድራመሩ ቡና ጋብዞኝ ፊት ለፊቴ ቢቀመጥ የምነግረውን ብቻ እጽፋለሁ፤ የምነግረውንም አላስቀርም። ለድፍረት ሲባል ብቻ መዘርጠጥም ከይሉኝታ ያልተሻለ ነገር ነው፤ ሁለቱም ዘፈኑን አልሰሙትም።

ሁሉም ግጥም ውስጥ ወርቅ መቆፈር

ከተማችን ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ ቤቶች መምህራን ያፈሩባት ስለሆነች «አንድም» ማለት እንወዳለን። ስለ ዝናብ የተዘፈነ ዘፈን አንድም ስለ ፖለቲካ ነው፣ አንድም ስለ እገሌ ነው። ድራመሩን ስለ አንድ ግጥም ጠይቄው «ጋሼ፣ እውነቴን ነው፣ ቤታችን ጣሪያው ያፈስ ነበር» አለኝ። አንድም ጣሪያ።

የፈረዱትን ተመልሶ አለማየት

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። ዊዘር የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ1994 ባወጣው የመጀመሪያ አልበም ተወደደ፤ ጥርት ያለ፣ ቀልደኛ ነበር። መሪ ድምፃዊው ሪቨርስ ኩዎሞ ከዚያ ሃርቫርድ ገባ፤ እግሩን ከባድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በሕመም ውስጥ እየጻፈ ከረመ። መስከረም 1996 የወጣው «ፒንከርተን» በዚያ ሕመምና ብቸኝነት የተሞላ፣ ሸካራ፣ አንዳንዴም ለመስማት የሚያሳፍር አልበም ሆነ። ስሙ ከፑቺኒ ኦፔራ፣ ከ«ማዳማ በተርፍላይ» ገጸ ባሕርይ የተወሰደ ነው። ብዙ ተቺ አልወደደውም፤ የሮሊንግ ስቶን መጽሔት አንባቢዎች ከዓመቱ መጥፎ አልበሞች ተርታ መረጡት። ባንዱ ሦስተኛውን እስኪያወጣ 2001 ደረሰ።

ወጣቶች ግን አልተዉትም ነበር። እየተቀባበሉ ሰሙት፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ባንድ አቋቋሙ። በ2004 ያው ሮሊንግ ስቶን አልበሙን እንደገና ገምግሞ አምስት ኮከብ ሙሉውን ሰጠው። ይኸው መጽሔት «ኔቨርማይንድ»ንም መጀመሪያ በሦስት ኮከብ ነበር የተቀበለው፤ በ2003 ባወጣው የምንጊዜም ምርጥ አልበሞች ዝርዝር ላይ 17ኛ አድርጎታል። መሳሳታቸው አይገርመኝም፤ በሳምንት የሚጻፍ ነገር ይሳሳታል። ተመልሰው መስማታቸውን ግን አከብራለሁ።

እኔም በወሩ ተመልሼ ሰማሁት፤ በዚህ ጊዜ በትክክለኛው ተራ፣ በማዳመጫ። ማረሚያ ጻፍኩ። የመክፈቻውን አንቀጽ ሰረዝኩ፣ «ማንነት»ን ሦስቱንም አወጣሁ፣ የአራተኛውን ዘፈን ቤዝ ጨመርኩ፣ ዘጠነኛው ዘፈን መረዘሙን ግን አልሰረዝኩም፤ አሁንም ረዝሟል። ከማተሜ በፊት ለጊታሪስቱ አሳየሁት። ዝም ብሎ አነበበና የተሰረዘው አንቀጽ ላይ ጣቱን አቆመ።

«ይቺን ለምን አጠፋሃት ጋሼ? እኛ እኮ ያቺን ዘፈን ነበር አንደኛ ልናደርግ የነበረው። ሁለት ሳምንት ተጣልተንባታል።»